የዋልታ ባሕር ለምለምነት፦ ብርሃን፣ ነፋስና በረዶ

(ለሕዝብ ከተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ)

 

ዛሬ ማታ የማነሣው ጉዳይ ከዚህ አዳራሽ እጅግ የራቀ ነው። በምድር ጫፎች፣ በአንታርክቲካና በአርክቲክ የባሕር ዳርቻዎች፣ ለዓይን የማይታዩ ሕዋሳት እንዴት እንደሚያድጉ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ። በውኃ ውስጥ እየተንሳፈፉ ይኖራሉ፤ እንደ ዕፅዋትም ምግባቸውን በፀሐይ ብርሃን ይሠራሉ። በምድራችን ላይ በፎቶሲንተሲስ ከሚመረተው ሁሉ ግማሽ ያህሉ የሚመረተው በባሕር ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የእነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ ነው። በአንታርክቲካ ባሕር ክሪል የምትባል ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ እነርሱን ትመገባለች፤ ክሪልን ደግሞ ዓሣው፣ ፔንግዊኑና ግዙፉ ዓሣ ነባሪ ይመገባሉ። የዓሣ ነባሪውን ጉልበት ወደ ኋላ ብንከተለው መነሻው አንዲት ሕዋስ ያገኘችው ብርሃን ነው።

ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፤ በዋልታ ባሕር ዳርቻ ምርቱን የሚወስነው የሚወርደው ብርሃን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ነፋስ ሕዋሱን እስከ ስንት ሜትር ይዞት እንደሚወርድ ነው። በመጀመሪያ ስለ ብርሃኑ፣ ቀጥሎ ስለ ውኃው መናወጥ፣ ከዚያም በሁለቱ መካከል ስለቆመው በረዶ እናገራለሁ። በመጨረሻ በዚህ ዘመን ምን እየተለወጠ እንዳለና እኛን የሚመለከተውን አነሣለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

እኛ የምንኖረው የቀኑ ርዝመት እምብዛም በማይለዋወጥበት አገር ነው። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከ67 ዲግሪ ደቡብ ባሻገር፣ ሮዘራ የሚባል የእንግሊዞች የምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ በጨለማው ወቅት መካከል፣ በጁን ወር፣ ፀሐይ ለሳምንታት ከአድማስ ብቅ አትልም። በዲሴምበር ደግሞ ለሳምንታት አትጠልቅም። ለፋይቶፕላንክተን ይህ ማለት የዓመቱ እርሻ፣ አዝመራና አጨዳ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠቃሎ ያልቃል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ዋልታ ብርሃን የጎደለው ቦታ እንደሆነ ያስባል። በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት፣ ከከባቢ አየር በላይ ብንለካ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደቡብ ዋልታ የሚያገኘው የፀሐይ ኃይል የምድር ወገብ ከሚያገኘው ይበልጣል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ብትዞርም ቀኑን ሙሉ ስለማትጠልቅ ድምሩ ይከብዳል። ችግሩ ያ ብርሃን ወደ ባሕሩ እስኪገባ ድረስ የሚደርስበት ነው። ደመና ይቀንሰዋል። በረዶ ለብሶ የተኛ የባሕር በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውንና ከዚያም በላይ ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ የተገለጠ ባሕር የሚመልሰው ግን በአማካይ ከ10 በመቶ በታች ነው። አንድ ንፋስ በረዶውን ገፍቶ ባሕሩን ሲከፍት፣ ወደ ውኃው የሚገባው ብርሃን በአንድ ቀን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ብርሃኑ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላም በየሜትሩ ይከስማል። መካከለኛ ጥራት ያለውን የባሕር ዳርቻ ውኃ እንውሰድ፤ በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ብርሃን በየ7 ሜትሩ በግማሽ ይቀንሳል። በ7 ሜትር ግማሹ፣ በ14 ሜትር ሩቡ፣ በ21 ሜትር ስምንተኛው ይቀራል፤ 46 ሜትር ላይ ስንደርስ የቀረው ከመቶ አንድ ነው። ከግግር በረዶ ሥር የወጣ ደቃቅ አፈር ውኃውን ሲያደፈርሰው ግን ያ ከመቶ አንዱ ከ5 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ ሊገኝ ይችላል። ፋይቶፕላንክተኑ ራሱም ሲበዛ ውኃውን አረንጓዴ አድርጎ ከበታቹ ያለውን ያጨልማል። ይህን የውኃ ጥራት ለመለካት አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1865 ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስሮ ከመርከብ ወደ ባሕር አወረደ፤ ሰሌዳው ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀትም መዘገበ። መሣሪያው በስሙ የሴኪ ሰሌዳ ይባላል፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ውኃው መናወጥ ልሻገር። በዚህ ጉዳይ መነሻ የሚሆነን ኖርዌጂያዊው ሃራልድ ስቨርድሩፕ ነው። ስቨርድሩፕ በወጣትነቱ ከ1918 እስከ 1925 በአሳሹ አሙንድሰን «ሞድ» መርከብ የአርክቲክ ጉዞ የሳይንሱን ሥራ የመራ፣ ባሕሩን ከበረዶው ጋር ኖሮ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1953 ጥቂት ገጾች ያሉት አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ፋይቶፕላንክተን በጸደይ ድንገት የሚበዛው መቼና ለምን ነው?

የስቨርድሩፕን አስተሳሰብ እንደ አንድ ቤተሰብ ገቢና ወጪ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ሕዋሱ ገቢ የሚያገኘው ብርሃን ባለበት፣ በቀን፣ ከላይኛው ውኃ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ወጪው ግን በማንኛውም ጥልቀት፣ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም፤ ሕዋሱ ይተነፍሳል፣ በበሊታዎች ይበላል፣ ይሞታል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ሕዋሱ ከላይ ተቀምጦ ቢቀር ገቢው ሁልጊዜ ይበልጥ ነበር። ነገር ግን አይቀመጥም። ነፋስ ውኃውን ሲያማታው ከላይ ያለው ወደ ታች፣ ከታች ያለው ወደ ላይ ይገለባበጣል፤ ሕዋሱም አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሊታሰብ የሚገባው በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ በአማካይ ያገኘው ብርሃን ነው።

ቅድም ባነሣሁት ውኃ ላይ ሒሳቡን እንሥራው። ነፋሱ የሚያናውጠው ላይኛውን 10 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ውስጥ የሚዞር ሕዋስ በአማካይ በባሕሩ ገጽ ካለው ብርሃን 63 በመቶ ያገኛል። መናወጡ እስከ 40 ሜትር ከወረደ አማካዩ ወደ 25 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ እስከ 80 ሜትር ከወረደ ደግሞ ወደ 12 በመቶ ተኩል። ፀሐይዋ ያው ናት፣ ሰማዩም ያው ነው፤ ሕዋሱ የሚደርሰው ብርሃን ግን አምስት እጥፍ ተለያየ። ስቨርድሩፕ ያለው ይህንኑ ነው፤ ገቢና ወጪ የሚመጣጠኑበት አንድ ወሳኝ ጥልቀት አለ፣ መናወጡ ከዚያ በታች እየዘለቀ ሳለ ፋይቶፕላንክተን ሊበዛ አይችልም፣ መናወጡ ከዚያ በላይ ሲገታ ግን ይበዛል። ይህንንም በ1949 ጸደይ በኖርዌይ ባሕር፣ 66 ዲግሪ ሰሜን ላይ ትቆም ከነበረች የአየር ጠባይ መመልከቻ መርከብ በተሰበሰበ መረጃ ፈተነው።

ሐሳቡ ሳይነካ አልቆየም፤ መነካቱም መልካም ነው። በ1999 ሁይስማን የተባለ ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አመለከቱ። ውኃው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ አሁን እየተናወጠ ነው ማለት አይደለም፤ ምናልባት ያናወጠው የትናንት ማዕበል ይሆናል። ነፋሱ ዛሬ ከረገበ፣ የውኃው ሙቀትና ጨው ገና ሳይለወጥ፣ ላይኛው ላይ የቀሩት ሕዋሳት ማደግ ሊጀምሩ ይችላሉ። በ2010 ደግሞ አሜሪካዊው ቤረንፌልድ በሰሜን አትላንቲክ የሳተላይት መረጃ ተመርኩዞ፣ የፋይቶፕላንክተን ቁጥር መጨመር የሚጀምረው መናወጡ እጅግ ጥልቅ በሆነበት በብርዱ ወቅት ነው አለ፤ ውኃው ሲደባለቅ በሊታዎቹ ከሚበሉት ስለሚራራቁ የሚበላው ያንሳል ሲልም ምክንያቱን አቀረበ። በእኔ አስተያየት ይህ ክርክር ስቨርድሩፕን አልሻረውም። ቤረንፌልድ የወጪውን ዓምድ በተሻለ እንድንቆጥር አስተምሮናል። ለወራት በሚጨልም የዋልታ ዳርቻ ግን የገቢው ዓምድ ዛሬም ቀዳሚ ነው።

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዱ «የማዳበሪያው ነገርስ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከአንታርክቲካ ዳርቻ ርቀን ወደ ሰፊው የደቡብ ውቅያኖስ ብንወጣ፣ ናይትሬቱና ፎስፌቱ ሞልቶ ሳለ ብረት ስለሚጎድል ምርቱ ዝቅተኛ ነው። በዳርቻው ግን የባሕሩ ወለል ቅርብ ነው፣ ግግር በረዶውም ድንጋይ ፈጭቶ ያመጣል፤ ብረት ከሁለቱም ይገኛል። ብረቱ ሲኖር ቀሪው ጥያቄ የብርሃን ይሆናል። የዳርቻውን ውኃ ለዛሬ የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ክፍል የበረዶው ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ክፍል ነው። በሞቃት ባሕር ላይኛው ውኃ ከታችኛው ተለይቶ የሚንሳፈፈው በፀሐይ ስለሚሞቅ ነው። ወደ በረዶነት በተቃረበ ውኃ ግን የሙቀት ለውጥ ክብደቱን ብዙም አይለውጠውም፤ ወሳኙ ጨው ነው። የባሕር ውኃ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲረጋ አብዛኛውን ጨው ከውስጡ አውጥቶ ይጥላል። ያ ጨዋማ ውኃ ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥም ከሥሩ ያለውን ውኃ ያናውጣል። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጨው የጎደለው ቀላል ውኃ በገጹ ላይ ይዘረጋል። አሁን ነፋስ ያን ቀላል ውኃ ወደ ታች ለመድፈቅ ብዙ ጉልበት ይጠየቃል። ጉልበቱ ካነሰው መናወጡ በጥቂት ሜትሮች ተወስኖ ይቀራል፤ በውስጡ ያሉት ሕዋሳትም በማትጠልቀው ፀሐይ ሥር ሰነበቱ ማለት ነው። በጨለማው ወራት ብርሃን ከልክሎ የቆየው በረዶ በሞቱ ጊዜ የብርሃን ማደሪያ ሠርቶላቸው ያልፋል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በሮዘራ ጣቢያ አጠገብ ባለው ራይደር ወሽመጥ ከ1997 ጀምሮ ተመራማሪዎች በዓመቱ ወቅቶች ሁሉ ውኃውን ይለካሉ። ባሕሩ ሲከፈት በትንሽ ጀልባ ይወጣሉ፤ በጨለማው ወቅት በረዶውን ፈልፍለው መሣሪያቸውን በቀዳዳው ያወርዳሉ። ከዚህ ልፋት የተገኘውን አንድ ውጤት ቬናብልስና ባልደረቦቹ በ2013 አሳተሙ። በብርዱ ወቅት በረዶ ባነሰበት ዓመት፣ ነፋስ የተገለጠውን ባሕር ያለ ከልካይ ስለሚያማታው፣ ውኃው ጠልቆ ይደባለቃል። የሚቀልጥ በረዶም ስለሚያንስ በቀጣዩ ጸደይ ላይኛው ውኃ በደንብ ተለይቶ አይደረደርም፤ የበጋው ክሎሮፊልም፣ ማለትም የፋይቶፕላንክተኑ ብዛት የሚለካበት አረንጓዴ ቀለም፣ ዝቅ ይላል። እንግዲህ የጃንዋሪውን ምርት ለማወቅ የጁላይን በረዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። በበጋ ብቻ ሄዶ የሚመለስ ተመራማሪ ይህን ሊያየው አይችልም ነበር።

በዚያው ልሳነ ምድር፣ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ፣ በአንቨርስ ደሴት ላይ ያለው የአሜሪካኖቹ ፓልመር ጣቢያም ከ1990 ጀምሮ ተመሳሳይ የረጅም ጊዜ ጥናት ያካሂዳል። በ2009 በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የ1978–1986 እና የ1998–2006 የሳተላይት መረጃዎችን አነጻጽሮ፣ በልሳነ ምድሩ ምዕራባዊ ዳርቻ የበጋው ክሎሮፊል በ30 ዓመት ውስጥ 12 በመቶ መቀነሱን አመለከተ። ቅነሳው ግን በሁሉም ቦታ አንድ አልነበረም። በሰሜኑ ክፍል በረዶው ሲሸሽ ነፋሱ በረታ፣ ደመናው በዛ፣ መናወጡ ጠለቀ፤ ምርቱም ወደቀ። በደቡቡ ክፍል፣ ቀድሞ በበጋም ጭምር በረዶ ተኝቶበት በነበረው ባሕር፣ የበረዶው መሸሽ ብርሃን አስገባ፤ እዚያ ምርቱ ጨመረ። አንድ ዓይነት መሞቅ፣ በአንድ ዳርቻ ላይ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍሬ አፈራ።

በሰሜን ዋልታ በኩልም ግምታችንን ያናወጠ ነገር ታይቷል። በጁላይ 2011 «ሂሊ» የምትባል የአሜሪካ በረዶ ሰባሪ መርከብ በቹክቺ ባሕር ስትጓዝ፣ ከ0.8 እስከ 1.3 ሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ሥር እጅግ የበዛ ፋይቶፕላንክተን ተገኘ፤ ከበረዶው ጠርዝ ወደ ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቅ ነበር። በረዶው ላይ የቆመው የቀለጠ ውኃ ብርሃንን እንደ መስኮት ያሳልፋል፤ በረዶውም ነፋሱን ከልክሎ ከሥሩ ያለውን ውኃ ጸጥ ያደርገዋል። ብርሃኑ ትንሽ ቢሆንም የማይናወጥ ሕዋስ በትንሹ ይኖራል። ለዋናው ሐሳቤ ከዚህ የጠነከረ ምስክር አላውቅም።

መረጋጋት ሁልጊዜ በረከት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ላይኛው ውኃ አለመጠን ከረጋ፣ ከታች የሚመጣው ናይትሬት ይቋረጣል፤ በአርክቲክ ብዙ ቦታ የጸደዩ ለምለም የሚደርቀው በዚህ ነው። ከገጹ ሳይርቅ የቀረ ሕዋስም በብርሃን ብዛት ይጎዳል። ጨለማ የለመደ ሕዋስ ብርሃን ለመቃረም ብዙ ክሎሮፊል ያከማቻል፤ ድንገት ወደ ላይ ሲወጣ መከላከያ ቀለም እስኪያዘጋጅ ይቃጠላል። በ1992 የወጣ ጥናት ጎጂ ጨረር የሚያስገባው የኦዞን መሳሳት በአንታርክቲካ የበረዶ ጠርዝ አካባቢ ምርቱን ቢያንስ ከ6 እስከ 12 በመቶ እንደቀነሰ ገምቶ ነበር፤ ለዚህ ጉዳት የተጋለጡት ከገጹ አጠገብ ያሉት ናቸው።

የግግር በረዶ መቅለጥም ሁለት መልክ አለው። በግሪንላንድ ግግሩ እስከ ባሕር ድረስ በሚወርድባቸው ወሽመጦች፣ ከግግሩ ሥር የሚፈልቀው ቀላል ውኃ ወደ ላይ ሲያሻቅብ ጥልቁን፣ በናይትሬት የበለጸገውን ውኃ ይዞ ይወጣል፤ በበጋ መካከል ምርት ይታያል። ግግሩ ወደ የብስ በሸሸባቸው ወሽመጦች ግን የሚቀልጠው ውኃ እንደ ወንዝ በገጹ ላይ ይፈስሳል፤ የሚያመጣው ድፍርስ አፈር ነው፣ ከታችም የሚያወጣው ነገር የለም። እዚያ ምርቱ ዝቅተኛ ነው። ግግር በረዶዎች ወደ የብስ እያፈገፈጉ በሄዱ ቁጥር ይህ ሁለተኛው ዓይነት ወሽመጥ እየበዛ ይሄዳል፤ ለዓሣ አስጋሪው ግሪንላንዳዊ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከብዛቱ ባሻገር ማን እንደሚያድግም ይለወጣል። ዳያተም የሚባሉት፣ የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው ትላልቅ ሕዋሳት ለክሪል ተስማሚ ምግብ ናቸው። በፓልመር አካባቢ የግግር በረዶ ቅላጭ በሚበዛበት ጊዜ ክሪፕቶፋይት የሚባሉ 8 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑ ትናንሽ ሕዋሳት ቦታውን ሲወስዱ ታይቷል። የክሪል ማጥለያ እግሮች እንዲህ ያለውን ደቃቅ በሚገባ አይዙትም። ሳተላይቱ ከላይ ሲያይ አረንጓዴነቱን ብቻ ይቆጥራል፤ ፔንግዊኑ ግን የሚራበው ወይም የሚጠግበው በዓይነቱ ነው። ስለዚህ «ክሎሮፊል ጨመረ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ የማን ክሎሮፊል እንደሆነ ጠይቁ።

በ2023 የአንታርክቲካ የባሕር በረዶ ሳተላይት መለካት ከጀመረበት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዝቅተኛ ወደሆነው ደረጃ ወርዷል። «በረዶ ከቀለጠ ብርሃን ይገባል፣ ብርሃን ከገባ ባሕሩ ይለመልማል» የሚል አጽናኝ አስተሳሰብ አለ። ከላይ በዘረዘርሁት ምክንያት አልቀበለውም። በአንዳንድ ቦታ ለጊዜው እውነት ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ቦታ ግን ነፋሱ ብርሃኑን ቀምቶ ይሄዳል። ወሳኙን የምናውቀው በጨለማውም በብርሃኑም ወቅት፣ ዓመት ሳይዘልሉ በመለካት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ዜና ስለማይሆን በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚቆረጠው እርሱ ነው፤ መቆረጥ የሌለበትም እርሱ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስና ላብቃ። ጣና ሐይቅ በረዶ አያውቅም፤ የሚገዛው ሕግ ግን ያው ነው። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ፣ ትልቁም ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ እስከ ወለሉ ሊያናውጠው ይችላል፤ ወንዞቹ በክረምት የሚያመጡት ደለል ደግሞ ብርሃኑን ከላይ ይይዘዋል። እዚያም የአልጌውን ዕድገት፣ በእርሱም በኩል የዓሣውን ሲሳይ የሚወስነው ብርሃን የሚደርስበትና ነፋስ የሚደርስበት ጥልቀት ነው። የሴኪ ሰሌዳ ከቆርቆሮና ከገመድ በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። በሐይቆቻችን ዳር የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ በየሳምንቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ሰሌዳውን አውርዱ፤ የጠፋበትን ጥልቀት፣ የነፋሱንም ሁኔታ በደብተር ጻፉ፤ ክረምት ሲገባም አታቋርጡ።